የመጀመሪያው ተናጋሪ ምን ገጠመው?
ስለ ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ለሥራ ኃላፊዎችና ለሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦች፣ በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ።

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ አእምሮ ጤና ንግግር አለ ሲባል ብዙ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይቀራል። እናንተ መጥታችኋል። ስለዚህ ሳልዞር ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ «ከመካከላችሁ ድባቴ ወይም ከባድ ጭንቀት ያጋጠመው እጁን ያውጣ» ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። እጅ ማውጣት ቀላል ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መሰብሰብ ባላስፈለገን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መልሱን በልባችሁ ያዙት። በምትሠሩበት ቦታ «ድባቴ አለብኝ፣ ሕክምና ላይ ነኝ» ብሎ ለአለቃው የተናገረው የመጀመሪያው ሰው ማን ነበር? ከተናገረ በኋላስ ምን ገጠመው?

እስቲ አስታውሱ። በቀጣዩ ዕድገት ታሰበ ወይስ ታለፈ? ምስጢሩ ተጠበቀለት ወይስ እስከ ማታ ፎቁ ሁሉ ሰማው? ዛሬም አብሯችሁ አለ ወይስ ለቀቀ?

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። መመሪያ ጽፌያለሁ፣ ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ፣ ፖስተር አስለጥፌያለሁ። ሠራተኛው ግን ፖስተሩን አይቶ አያምንም። የሚያምነው ያየውን ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ በክብር ከተያዘ ሁለተኛው ይናገራል። የመጀመሪያው ከተጎዳ ሌላው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ለዓመታት ይዘጋል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

ስንት ሰው ነው እንዲህ ዝም ብሎ የሚሠራው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉ አዋቂዎች 15 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። መቶ ሠራተኛ ባለበት ቦታ 15 ሰው ማለት ነው። ድባቴና ጭንቀት ብቻ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ያሳጣሉ። በገንዘብ ሲተመን 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከፋይናንስ ክፍል ጋር ስነጋገር ይህን ቁጥር እጠቅሳለሁ፤ እነሱም ያዳምጡኛል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ትሪሊዮኑ አይደለም። ከ15ቱ መካከል ስንቶቹ ናቸው ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው፣ ፈገግታቸውን ለብሰው፣ «ደህና ነኝ» ብለው የገቡት? እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሰው ለምን ይደብቃል? ሁለተኛ፣ ሥራው ራሱ እንዴት ያሳምማል? ሦስተኛ፣ ሰው ሲናገርና ከሕመም ሲመለስ ምን እናድርግ? ሦስተኛው ላይ ብዙ ስለምቆይ ከአሁኑ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ወደ አንደኛው ልሂድ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ጥፋቱን በሙሉ በታማሚው ላይ ይጭናል። ለመሆኑ ሰውየው ለምን ደበቀ? ማን አስደበቀው? ይህን አንጠይቅም።

እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሕመም ፈቃድ ፎርሞች በእጄ ያልፉ ነበር። ምን ተጽፎ ይመጣል መሰላችሁ? ጨጓራ። ወገብ። ራስ ምታት። አሁንም ጨጓራ። «ድባቴ» የሚል ቃል ያየሁበትን ጊዜ ማስታወስ ይቸግረኛል። ሁሉም ሰው ጨጓራውን ነው የሚታመመው? አይደለም። አንዳንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሲኖረው የዓመት ፈቃዱን ቆራርሶ ይወስዳል። ልጆቹን ይዞ ሊያርፍበት የሚገባውን ቀን ለሕክምና ያውለዋል። ለምን? የሐኪሙ ወረቀት ስንት እጅ ውስጥ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ነው። መጀመሪያ የቅርብ አለቃው ያየዋል። ከዚያ ጸሐፊዋ ትመዘግበዋለች። ከዚያ የሰው ኃይል፣ ከዚያ ደመወዝ የሚሠራው ክፍል። እያንዳንዱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን አራት ሰው ያየው ወረቀት ምስጢር ይባላል?

ስለዚህ የሚደብቀው ሰው ሞኝ አይደለም። ሒሳብ ሠርቶ ነው። ብናገር ምን አተርፋለሁ? ምን አጣለሁ? ብሎ ቆጥሯል። የሚያጣው ስለሚበልጥበት ነው ጨጓራ ብሎ የሚጽፈው። እኛ መቀየር ያለብን ሒሳቡን ነው።

ቀልዱስ? ቀልድ ቀላል ነገር ይመስላል። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ፣ ሐሳቡ ያልተስማማውን ሠራተኛ «ዛሬ መድኃኒትህን ሳትወስድ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው። ሁሉም ሳቀ። የተቀለደበትም አብሮ ሳቀ፤ እሱ መድኃኒት አይወስድምና። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ግን ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እግሯ ሥር አደረገችው። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ኃላፊ በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር አስተማራት፦ «ለኔ እንዳትነግሪኝ።» እሷም አልነገረችውም።

«ነካ ያደርገዋል»፣ «እሱማ ለይቶለታል»፣ «ተያት፣ ዛሬ ተነሥቶባታል» እንላለን። ስለ አንድ ሰው ስናወራ የሚሰማን ግን ሌላ ሰው ነው። ያወራንበት ሰው ላይሰማ ይችላል። አጠገባችን ቆሞ ሻይ የሚቀዳው ታማሚ ግን ሰምቶናል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሰውየው ራሱን የሚያገልበት ጊዜ ነው። ድባቴ ትንሽ መከፋት አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ስሜቱ ይወድቃል፤ ወይም ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላዋል። እንቅልፍ ይዛባል። ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል። አንድ ኢሜይል ሦስት ጊዜ አንብቦ ምን እንደሚል አይገባውም። ይህ የሕመሙ ምልክት ነው። ታማሚው ግን «ሰነፍ ሆንኩ» ይላል። ባልደረባውም «ጠንከር በል እንጂ» ይለዋል። አለቃው በአፈጻጸም ምዘናው ላይ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ብሎ ይጽፍበታል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ሰውየውን ዝም ያሰኙታል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ሥራው ራሱ ያሳምማል ወይ?

አዎ፣ ያሳምማል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በነፃ ክሊኒክ ያገለግሉ የነበሩ ትጉህ ሰዎች እንዴት ነደው እንደሚያልቁ ጻፈ። በርንአውት የሚለው ስያሜ ከዚያ ወዲህ ነው በሙያው የተለመደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ትርጉሙን ሲያጠራ ሦስት ነገሮችን አስቀመጠ። ጉልበት ተሟጦ ማለቅ። ከሥራው በስሜት መራቅና ሁሉን በጥርጣሬ ማየት። «የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም፣ ውጤትም አላመጣም» ብሎ ማሰብ። ድርጅቱ ይህን በሽታ አላለውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው፤ መነሻውም በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። መነሻው የሠራተኛው ድክመት ነው አላለም። የሥራ ቦታው ጫና ነው ያለው።

ሮበርት ካራሴክ የሚባል ተመራማሪ በ1979 ያሳየው ደግሞ ይህን ነው። ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው በዝቶ፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያንስ ነው። ብዙ ይጠበቅብሃል፤ በምን ቅደም ተከተል እንደምትሠራው፣ መቼ እንደምታርፍ ግን የምትወስነው አንተ አይደለህም። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለብዙ ዓመታት የተካሄዱት የኋይትሆል ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድላቸው ያነሰ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጡ ነበር። ጫናው የበዛው በላይኛው ወንበር ላይ ነው ብለን ለምናስብ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሰዓቱን ነገርም ላንሣ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ለስትሮክና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰው በዚህ ሳቢያ ሞቷል ብለው ገምተዋል። የሞተ ሰው ነው የምላችሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድን ሠራተኛ በሳምንት 60 ሰዓት እያሠራን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፕ «ይህ ነገር ለነገ ጠዋት ይድረስ» እያልን፣ አርብ ከሰዓት የአተነፋፈስ ልምምድ ብናስተምረው ምን ይጠቅመዋል? ልምምዱን አልነቅፍም። ይረዳል። ግን ቅድሚያው የትኛው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሲያወጣ፣ ምክሩ በሠራተኛው ላይ ብቻ አላተኮረም። የሥራ ጫናውን፣ የሰዓቱን ነገር፣ የሠራተኛውን ተሳትፎ አስተካክሉ አለ። ለአለቆችም ሥልጠና ስጡ አለ።

አንድ ቦታ የፈረቃ ሠራተኞች ነበሩን። የሳምንቱ ድልድል የሚለጠፈው እሑድ ማታ ነው። ሰዎቹ እሑድን የሚያሳልፉት ስልካቸውን እያዩ ነበር። ማን ሌሊት ገባ? ልጄን ማን ያይልኛል? ድልድሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲወጣና መለዋወጥ እንዲፈቀድ ተደረገ። ሥራው አልቀነሰም። ደመወዝ አልተጨመረም። ግን ሰዎቹ እሑድን እሑድ አድርገው መዋል ጀመሩ። የአእምሮ ጤና ሥራ ማለት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። ስሙ እንኳን የአእምሮ ጤና አይባልም።

ስለሚሰድብ አለቃ ብዙ አልልም። ማንቋሸሽ፣ ማስፈራራት፣ በሰው ፊት ማዋረድ የአመራር ስልት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2019 በሥራ ዓለም ጥቃትንና ትንኮሳን የሚከለክል ስምምነት አጽድቋል፤ ቁጥሩ 190 ነው። በ2022 ደግሞ ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኗል። «ጎበዝ ነው፣ ውጤት ያመጣል፣ አፉ ብቻ ነው» እያልን የምንታገሠው አለቃ ካለ፣ የዚያን ሰው ውጤት ስንቆጥር የለቀቁትንም እንቁጠር።

ደግሞ በስሕተት እንዳትረዱኝ። የአእምሮ ሕመም ሁሉ ከሥራ ይመጣል አላልኩም። በቤት፣ በኀዘን፣ በአካል ሕመም፣ በዘር ውርስ፣ በብዙ ነገር ይመጣል። ጥሩ ሥራ ብዙውን ሰው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። መዋያ ቦታ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ አብሮ የሚሆን ሰው፣ ገቢ ይሰጣል። እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንኳን ተገቢው ድጋፍ ካላቸው ይሠራሉ። «መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ይሠልጥኑ፣ ከዚያ ሥራ እንፈልግላቸው» ከሚለው አሠራር ይልቅ፣ «የሚፈልጉትን ሥራ እናስገኝላቸው፣ እዚያው ሆነን እንደግፋቸው» የሚለው የተሻለ ውጤት እንዳለው በብዙ አገር ታይቷል። ስለዚህ «እሱ ሥራ አይችልም» ብሎ ከሩቅ መፍረድ በማስረጃ የቆመ ነገር አይደለም።

አሁን ሦስተኛው። እዚህ ላይ ነው ልብ እንድትሉኝ የምለምናችሁ።

ሰው ሲናገር ምን እናድርግ?

ይህን በራሴ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ድባቴ ይዞኝ ነበር። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆኖብኝ ነበር። ሥራ ስገባ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወጥቼ ስብሰባ እመራለሁ። ሕክምና ከጀመርኩ በኋላ ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ፤ የቀጠሮው ቀን ከሥራ ሰዓት ጋር ይጋጭ ነበርና። ቢሯቸው ገባሁ። ስለ በጀት ለማውራት የመጣሁ አስመሰልኩ። ከዚያ ተናገርኩት።

አለቃዬ ምን አደረጉ? መጀመሪያ ላፕቶፓቸውን ከደኑ። ስልካቸውን ገለበጡት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አሉኝ። ቀጥለው «ሁሉንም መንገር የለብሽም። እኔ ማወቅ ያለብኝ ምን እንዲቀልልሽ እንደምትፈልጊ ብቻ ነው» አሉ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። «ቤት ውስጥ ችግር አለ እንዴ?» አላሉም። «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ…» ብለው ወሬውን ወደ ራሳቸው አልወሰዱትም። ልወጣ ስል «ይህን ማን እንዲያውቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም፣ አልኩ። ማንም አላወቀም። እስከምለቅ ድረስ ማንም አላወቀም።

አለቆች ሆይ፣ እኚህ ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልነበሩም። ሐኪም ሁኑ የሚላችሁ የለም። ለሕመሙ ስም ማውጣት፣ መንስኤውን መመርመር፣ መድኃኒት መምከር የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ መስማት፣ ምስጢር መጠበቅና ሥራውን ማመቻቸት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በሉ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ በጅምላ ቃል አትግቡ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ እርዳታ መጥራት ሊኖርባችሁ ይችላልና፣ ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሩት።

ማመቻቸት ሲባል ብዙ ወጪ ይመስላችኋል። አይደለም። አንዳንድ መድኃኒት ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ያመጣል፤ መግቢያው አንድ ሰዓት ቢገፋለት ምን እናጣለን? ሐሳብ መሰብሰብ ለሚያቅተው ሰው የቃል ትእዛዙን በጽሑፍ ብንሰጠው፣ ትልቁን ሥራ ከፋፍለን ብንሰጠው ምን እናጣለን? ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሕመም ያለበት ሰው እንቅልፉ ከተዛባ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል፤ ከሌሊት ፈረቃ ብናወጣውስ? በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። ሆኖም ሕጉ እስኪያስገድደን ለምን እንጠብቃለን?

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ሕይወቱን ስለማጥፋት እያሰበ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ጠይቁት። በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን በአእምሮው ውስጥ አያስገባበትም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። ብዙ ሰው እንዲያውም እፎይ ይላል፤ የተሸከመውን የሚሰማው ሰው አገኘ። እሱ «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር አጠገቡ ካለ አርቁለት። አብራችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። «ነገ እንነጋገራለን» አትበሉ።

ከሕመም ፈቃድ ሲመለስስ?

እኔ ብዙ መገለል ያየሁት እዚህ ነው። የሚገርመው ደግሞ በደግነት ስም ነው የሚደረገው። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ትላልቅ ደንበኞችን የሚይዝ። በድባቴ ለተወሰነ ጊዜ ቀርቶ ተመለሰ። ሲመለስ ደንበኞቹ ለሌላ ሰው ተሰጥተዋል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተዛውሯል፤ ጸጥ ያለ ቦታ ይሻለዋል ተብሎ። ስብሰባ አይጠራም፤ እንዳይጨናነቅ። ባልደረቦቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ፋይል እንዲያደራጅ ተሰጠው። ማንም ሊጎዳው አልፈለገም። እመኑኝ፣ ማንም አልፈለገም። እሱ ግን «ታምሜ እንኳን እንዲህ ብቻዬን አልነበርኩም» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ መልቀቂያ አስገባ። ይህን ያየ ሌላ ታማሚ ፎርሙ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ።

ምን መደረግ ነበረበት? ከመመለሱ በፊት ይደወልለት። «መቼ ትገባለህ?» ለማለት አይደለም፤ «እንዳልረሳንህ እወቅ» ለማለት ነው። መመለሻው ሲቃረብ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ለባልደረቦችህ ምን እንድንል ትፈልጋለህ? የትኛውን ሥራህን መጀመሪያ መያዝ ትፈልጋለህ? ሙሉ ቀን ይሻልሃል ወይስ በግማሽ ቀን እንጀምር? ተረከቡልኝ ካለ ይረከቡለት፤ ካላለ ሥራው የእሱ ነው። ደረጃ በደረጃ መመለስ ጥሩ ነው፤ ግን ደረጃው የት ላይ እንደሚያልቅ ይታወቅ። «እስኪሻልህ ድረስ» የሚባል የጊዜ ገደብ የለም። ለአንድ ወር በግማሽ ቀን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናያለን ይባል።

የሥራ ባልደረቦችስ? የናንተ ድርሻ በጣም ቀላል ነው። ድሮ ምሳ አብራችሁት ትወጡ ከነበረ ዛሬም ጥሩት። እምቢ ካለ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ጥሩት። ከሌላ ሕመም ተመልሶ ቢሆን የምትሉትን በሉት፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ናፍቀኸን ነበር።»

አሁን ስለ መገለሉ ራሱ። በምን ይቀንሳል? ጥናቶቹ ደጋግመው የሚያሳዩት፣ ከበራሪ ወረቀትና ከዘመቻ ይበልጥ የሰውን አመለካከት የሚቀይረው ሕመሙን ያሳለፈ ሰው ማወቅና መስማት ነው። በእኩልነት አብሮ መሥራት ነው። ግን እባካችሁ፣ ይህን ሰምታችሁ ነገ አንዱን ታማሚ «ና ተሞክሮህን አካፍል» እንዳትሉ። ማንም መገደድ የለበትም። መጀመር ያለበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ቢናገር ወንበሩን የማያጣው ሰው ነው።

ሼል ማግነ ቦንደቪክ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1998 በሥልጣን ላይ እያሉ ታመሙ። ጉንፋን ነው፣ የወገብ ሕመም ነው ማለት ይችሉ ነበር። ድባቴ መሆኑን በይፋ አሳውቀው የሕመም ፈቃድ ወሰዱ። ከሳምንታት በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያስ? ሕዝቡ ፊቱን አዞረባቸው? በ2001 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 2005 አገር መሩ። አንድ የአገር መሪ የጻፈውን ምክንያት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፎርም ላይ መጻፍ ካልቻለ፣ ችግሩ ያለው ፎርሙን በሚቀበለው ቤት ነው።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችሁ የምጠይቀው ይህ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዎች፣ ነገ የሕመም ፈቃዱን ሂደት አውጥታችሁ እዩት። የበሽታው ስም ለስንት ሰው ይታያል? የቅርብ አለቃ ማወቅ ያለበት ሰውየው መቼ እንደሚመለስና ምን መሥራት እንደሚችል ነው። የበሽታውን ስም ማወቅ አያስፈልገውም። የጤና መድናችሁ የአእምሮ ሕክምናን ይሸፍናል? የምክር አገልግሎት ካላችሁ፣ ሠራተኛው የሚነግረው ነገር ወደ አለቃው እንደማይሄድ በጽሑፍ ተረጋግጧል? ካልተረጋገጠ ማንም አይሄድም፤ ባይሄድም አልፈርድበትም።

ኃላፊዎች፣ ከምሽት መልእክታችሁ ጀምሩ። ከቀልዳችሁ ቀጥሉ።

እዚህ ተቀምጣችሁ ሕመማችሁን ይዛችሁ ለምታዳምጡኝ ደግሞ፦ ለአለቃችሁ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ቦታው የማይታመን ከሆነ አለመናገር መብታችሁ ነው። ሕክምናውን ግን አታዘግዩ። ድባቴም ጭንቀትም ይታከማል፤ በንግግር ሕክምናም፣ በመድኃኒትም፣ በሁለቱም። የድባቴ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሳምንታት ካልፈጀ ለውጡ አይታይም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ። ሲሻላችሁም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቁሙት። ለመናገር ከወሰናችሁ፣ ከማን ጋር እንደምትጀምሩ ምረጡ፤ ምን ያህሉን እንደምትነግሩም እናንተው ወስኑ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ፦ የቀጠሮ ሰዓት፣ የፈረቃ ለውጥ፣ የመግቢያ ሰዓት። የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል አስፍሩት።

ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።